አያ ጅቦ «ኦ» ክፍል ሲገባ

ሁለት ሕፃናት ሲጣሉ እኛ አዋቂዎች የምናደርገው ይታወቃል። የመታውን እጁን ይዘን እንጎትታለን። «ይቅርታ በለው!» እንላለን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ» ይላል። «በል ሳመው!» ይስመዋል። በቃ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። መቺው ምን እንዳሰበ የሚጠይቅ የለም። የተመታው ደግሞ የተሳመ ጉንጩን በእጅጌው ይጠርጋል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የ«ኦ» ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል፣ መምህርት ነኝ። ይህን ትዕይንት ከቁርስ በፊትም ከቁርስ በኋላም አየዋለሁ። እንደኔ እንደኔ ልጁ ከ«ሳመው» የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከትልቅ ሰው ቁጣ በምን ያህል ፍጥነት መገላገል እንደሚቻል። የጓደኛው ጉንጭ እንዴት እንዳቃጠለው አይማርም። ብዙዎቻችን ያደግነው በይሉኝታ ነው። ይሉኝታን አልጠላም፤ ስንት ጎረቤት አብሮ ያኖረ ነገር ነው። ግን ይሉኝታ የሚጀምረው «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ነው። ዓይኑ ወደ ራሱ ነው። እኔ ልጆቹ እንዲጠይቁ የምፈልገው «እሱ ምን ሆነ?» ብለው ነው። ይህን በምክር አስተምሩ እስቲ! የስድስት ዓመት ልጅ ምክር ሲጀመር ዓይኑ መስኮት ላይ ነው። ስለዚህ ድራማ እንሠራለን።

ድራማ ስል የወላጆች ቀን ድራማ ማለቴ አይደለም። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ ልጅ ጥጥ በአገጩ ለጥፎ ሽማግሌ ይሆናል። ሌባው ሁልጊዜ የተቀደደ ልብስ ይለብሳል። የቤት ሠራተኛዋ ሁልጊዜ ከገጠር የመጣች ናት፤ አፏን በከፈተች ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ አንዷ ወደፊት ትወጣና «ከዚህ ድራማ የምንማረው» ብላ ትጀምራለች። ወላጅ ያጨበጭባል፣ በስልክ ይቀርጻል። ልጆቹ የተማሩት ምንድን ነው? የገጠር ሰው አነጋገር እንደሚያስቅ። በሰሜን ሸዋ፣ ግማሹ ልጅ አያቱ ገበሬ በሆነበት አገር!

ሌላውን መምሰል በራሱ ደግ አያደርግም። መንገድ ላይ የሚያነክስ ሰው ሲያልፍ ልጆች ከኋላው እያነከሱ ይከተሉታል። እሱም ትወና ነው፤ ጥሩ ትወናም ነው። ስለዚህ «ልጆችን ድራማ አስተምሯቸው፣ ርኅሩኅ ይሆናሉ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ቆይ ቆይ እላለሁ። ነገሩ ያለው በምንጠይቃቸው ጥያቄ ላይ ነው። «ሰውየው እንዴት ነው የሚራመደው?» ብለን ከጠየቅን ማላገጥ እናስተምራለን። «ወዴት ነው የሚሄደው? ለምን ቸኮለ?» ብለን ከጠየቅን ሌላ ነገር ይመጣል።

ይህን ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ። ልጆቹ አንድ እግራቸውን እያደረቁ ሲራመዱ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዝም ብዬ ጠበቅሁና «ወፍጮ ቤቱ ሊዘጋ ነው። እህሉን ተሸክመሃል። ቤት ልጆች ይጠብቁሃል። አሁን ሂድ» አልኳቸው። ያው እግር ነው፣ ያው ማነከስ። ሳቁ ግን ቀረ። አንዱ ፊቱን አኮሳትሮ «ቆዩ፣ አትዝጉት!» እያለ ሄደ። ሩሲያዊው የቲያትር ሰው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ (እ.ኤ.አ. 1863–1938) ተዋናዮቹን ያስጨንቅ የነበረው በዚሁ ነው። ይህ ሰው ምን ይፈልጋል? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር? እሱ ይህን ያስተማረው ለትልልቅ ተዋናዮች ነው። እኔ አፍንጫቸው ለሚፈስ ልጆች እየተጠቀምኩበት ነው፤ ይሠራል።

ደግሞም ልጆች ትወናን ከእኛ አይማሩም፤ ይዘውት ነው የሚመጡት። እቃቃን ያልተጫወተ ማን አለ? ጭቃው ወጥ ነው፣ ቅጠሉ እንጀራ ነው፣ ጠፍጣፋ ድንጋዩ ምጣድ ነው። አሁን አሁን ድንጋዩ ስልክም ሆኗል። አንዷ ወጡን እያማሰለች ድንጋዩን ጆሮዋ ላይ ትይዝና «ሃሎ! ሃሎ! ኧረ ኔትወርክ የለም» ትላለች። እረፍት ላይ ጥግ ይዤ እቃቃቸውን ሳይ የየቤቱን ወሬ ሳልጠይቅ እሰማለሁ። አባት የሆነው ልጅ እንዴት ብሎ እንደሚገባ፣ እናት የሆነችው ምን ብላ እንደምትቀበለው። ለአስተማሪ ከዚህ የበለጠ መረጃ የለም። ለወላጅ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሼም የለም።

እቃቃ ግን አንድ ችግር አለበት። ሚናው ይደርቃል። ጉልበተኛው ሁልጊዜ አባት ነው። ትንሹና ዝምተኛው ሁልጊዜ ሕፃን ነው፣ ካልሆነም ውሻ፤ ደጅ ላይ ተቀምጦ «ው ው» እያለ እረፍቱ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። ሳጨበጭብ ቦታ ይቀየራል። አባት የነበረው ሕፃን ይሆናል፣ ውሻው አባት ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ረብሻ ነበር። ሲያዝ የኖረ አንድ ልጅ ሕፃን ሆኖ ተቀመጠ። «እናት» ሥራ በዝቶባት ረሳችው። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ «እኔንም አብሉኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ የእውነት እንባ ዓይኑ ላይ ነበር። ውሻ ሆኖ የኖረው ልጅ ዞር ብሎ አየውና የጭቃ እንጀራውን ቆረሰለት። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ቪቪያን ፔሊ የምትባል አሜሪካዊት የሕፃናት መምህርት ነበረች (እ.ኤ.አ. 1929–2019)። አብዛኛውን የማስተማር ዘመኗን ቺካጎ ውስጥ ትንንሽ ልጆችን ስታስተምር ኖረች። ልጆቹ ተረት ይነግሯታል፣ እሷ ትጽፈዋለች፣ ከዚያ ተረቱን የፈጠረው ልጅ ጓደኞቹን አሰልፎ ይተውነዋል። ይህ ብቻ ነው ዘዴው። ክፍሏ ውስጥ ደግሞ «አትጫወትም ማለት አይቻልም» የሚል ሕግ ነበራት። ሕጉን ወድጄው ወሰድኩት። የኛዎቹ ልጆች ግን ወዲያው መውጫ ቀዳዳ አገኙለት። «እሺ፣ ተጫወት። ግን አንተ ሞተሃል፤ እዚያ ተኛ።» የሸዋ ልጅና ሙግት! «የሞተ ሰው ቀብርና ተዝካር አለው፤ ስለዚህ ሁላችሁም ለቅሶ ትደርሳላችሁ» ብዬ ተከራከርኳቸው። ለቅሶው ከእቃቃው የበለጠ ደመቀ፤ ሟቹ መነሳት አልፈልግም አለ።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ልበል፤ ወላጆች ብዙ ጊዜ በከንቱ ስለሚጨነቁበት። «ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው፤ ወንድሟ እያለቀሰ ዳቦውን ትወስድበታለች» ትለኛለች አንዷ እናት። ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነው። ሃይንዝ ቪመርና ጆሴፍ ፔርነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ለልጆች አንድ ታሪክ ነገሯቸው። ልጁ ቸኮላቱን አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል። እሱ ሳያይ እናቱ ወደ ሌላ ቁም ሣጥን ታዛውረዋለች። ልጁ ሲመለስ የት ይፈልገዋል? የሦስት ዓመት ልጆች አሁን ያለበትን ቦታ ያሳያሉ። እነሱ የሚያውቁትን እሱ እንደማያውቅ አይገባቸውም። አራትና አምስት ዓመት ላይ ሲደርሱ ነው «እሱ እኮ አላየም!» ማለት የሚጀምሩት።

እኔም በካልሲ አሻንጉሊት፣ በሁለት ሞሰብና በቁራሽ ዳቦ እሠራዋለሁ። ታናናሾቻቸውን ይዘው ሲመጡ ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። ትንንሾቹ «እዚያ ነው! እዚያ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። የኔዎቹ ተማሪዎች እንደ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ምስኪን፣ አያገኘውም» ይላሉ።

ስሜቱ ግን ከዚያ በፊት አለ። ሕፃን ሌላ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምቶ ያለቅሳል። የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ የሚያለቅስ ጓደኛውን ለማባበል የራሱን እናት ጎትቶ ያመጣለታል፤ የጓደኛው እናት እዚያው ብትኖርም። ሆዱ ራርቷል፤ ጓደኛው የሚፈልገው ሌላ ሰው እንደሆነ ነው ገና ያልገባው። የእኛ ሥራ ሆድ መትከል አይደለም። ያለውን ሆድ «እሱ ምን ይፈልጋል?» ወደሚለው መምራት ነው። ድራማ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው።

ወደ አያ ጅቦ ልምጣ።

ዶሮቲ ሂዝኮት (እ.ኤ.አ. 1926–2011) እንግሊዛዊት ናት። በ14 ዓመቷ ሱፍ ፋብሪካ ገብታ ሸማኔ ሆና ነው ሕይወትን የጀመረችው። ብርድ ልብስ ፋብሪካችን ውስጥ የሚሠሩ እናቶች ባሉበት ከተማ ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። በኋላ ኒውካስል ላይ የድራማ መምህርት ሆነች፤ ስሟ በዓለም ተሰማ። ከዘዴዎቿ አንዱ ቀላል ነው። መምህሩ ዳር ቆሞ «እንዲህ ሁኑ፣ እንዲያ ሁኑ» አይልም። ራሱ ሚና ይዞ ታሪኩ ውስጥ ይገባል።

እኔም ገባሁ። ልጆቹ የጅብ ተረት ይወዳሉ። የኛ ተረቶች ደግሞ ጅብን ሆዳም ያደርጉታል፣ ጅል ያደርጉታል፣ መጨረሻ ላይ ያስገርፉታል። እኔ ተረቱ ካለቀ በኋላ ያለውን ነው የፈለግኩት። የመንዝ ባና ይዤ መጣሁ። ልጆቹ ፊት ቀስ ብዬ ለበስኩት፤ ተደብቆ ለብሶ መግባት አይሆንም፣ የሚደነግጡ አሉ። «ባናውን ስለብስ አያ ጅቦ ነኝ። ሳወልቀው ቲቸር ነኝ። አህያዋን የበላው እሱ ነው። የፈለጋችሁትን ጠይቁት» አልኩና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንተ ጅብ! ለምን አህያዋን በላሃት?»

«ራበኝ።»

«ሣር አትበላም?»

«ጥርሴ ለሣር አልተሠራም።»

«ለምን ማታ ማታ ትመጣለህ? ለምን ቀን አትመጣም?»

«ቀን ድንጋይ ትወረውሩብኛላችሁ።»

ዝም አሉ። ከኋላ አንዱ «እኔ አልወረወርኩም፣ ወንድሜ ነው» አለ።

«እናት አለህ?»

«ነበረችኝ። ጣርማ በር መንገድ ላይ መኪና ገጫት።»

«አለቀስክ?»

«ጮህኩ። እናንተ ግን በር ዘጋችሁ።»

አንዷ ተነስታ ከኪሷ ቆሎ አወጣችና እጄ ላይ አደረገችልኝ። ሌላው ተናደደ። «ቲቸር ይዋሻል! ጅብ ነው እኮ!» እሱም ልክ ነው። ሁሉም ማዘን አለበት የሚል ክፍል ለኔ ክፍል አይደለም። ከዚያ ያላሰብኩት ጥያቄ መጣ። «አህያዋን ማን ይጠይቃታል?»

በማግስቱ አህያዋን ወንበር ላይ አስቀመጥን። አህያ መሆን የፈለገች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። የተበላች አህያ ምን ትላለች? ሁሉም «አመመሽ? ፈራሽ?» እያሉ ጠየቁ። እሷ ያለችው ግን «ጄሪካኑ ወደቀ፣ ውሃው ፈሰሰ፤ እማዬ ምን ትለኛለች?» ነው። ይቺ ልጅ ጠዋት ጠዋት ከታላቅ እህቷ ጋር ውሃ እንደምትቀዳ አውቃለሁ። ጓደኞቿ ግን ይህን አያውቁም ነበር፤ ያወቁትም አህያዋ ስትናገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርፍዳ ስትመጣ አጠገቡ ቦታ የሚይዝላት ልጅ ተገኘ።

ሳምንቱ ሳያልቅ አንድ አባት መጡ። ከከተማው ወጣ ብለው በግ ያረባሉ። ሳቃቸውን እየያዙ ይሁን ተቆጥተው መለየት አቃተኝ። «ቲቸር፣ እኛ እኮ በግ ነው የምናረባው። ይሄ ልጅ ጅብ ያሳዝናል እያለ ውሻውን እሰሩት አለን።»

በሳቅ ሞትኩ፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ሰውየው የያዙት ጥያቄ የዚህ ሁሉ ትምህርት ጥያቄ ነው። የሌላው ሁኔታ ገባኝ ማለት ለሱ ለቀቅኩ ማለት ነው ወይ? ስለዚህ ልጆቹን በግ ጠባቂዎች አደረግኳቸው። ሌሊት ነው፣ ውርጭ ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ሌሊት ማስረዳት አያስፈልጋቸውም፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የሚኖሩት። እጃቸውን እያሹ ቆሙ። በጎቹ ከኋላቸው ናቸው። አያ ጅቦ እየዞረ ነው። ምን እናድርግ? «እንግደለው» አለ አንዱ። «ቆሎ እንስጠው» አለች ያቺው ባለቆሎ። ተሟገቱ። መጨረሻ ላይ ወንበሮቹን ደርድረው አጥር አጠሩ። የአጥሩን ጥንካሬ ለመፈተሽ እኔን ገፋ ገፋ እንዳደርገው አዘዙኝ። አባትየውን በሌላ ቀን ሳገኛቸው ልጃቸው ስለ በረቱ ቀዳዳ ሲያስቸግራቸው እንደሰነበተ ነገሩኝ። «አሁን ጥሩ ነው፤ ይቀጥሉ» አሉ።

እንስሳትን ሰው አድርጎ መድረክ ላይ ማውጣት ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። እንዲያውም የዘመናዊ ቲያትራችን መነሻ እሱ ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቲያትር የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው። የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው ነው የሠሩት። አውሬዎቹ ሲናገሩ የዘመኑ ሹማምንት ራሳቸውን አዩበት፤ አልወደዱትም፤ ተከለከለ። ሰውየው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ናቸው። የተወለዱት ደግሞ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም። የአውሬ ጭንብል ለትልቅ ሰውም ለልጅም ያው ጥቅም አለው፤ «ስለ አንተ ነው የምናወራው» ሳይባል ስለ ራስህ ትሰማለህ።

አባባ ተስፋዬ ተረት ሲነግሩን ያደግን ሰዎች ብዙ ነን። በወጣትነታቸው፣ ሴት መድረክ ላይ በማትወጣበት ዘመን፣ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ እንደነበር ግን ስንቶቻችን አስበነዋል? ለዚህ ነው ክፍሌ ውስጥ ወንድ ልጅ እናት ልሁን ሲል የሚስቅ ልጅ ካለ አባባ ተስፋዬን የምጠራለት።

ይህ የእንስሳ ጭንብል ከምንም በላይ የጠቀመኝ በአንድ ከባድ ነገር ላይ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደብረ ብርሃን ብዙ ተፈናቃዮችን ተቀብላለች። ከወለጋና ከሌላም አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች ቻይና ካምፕና ወይንሸት በሚባሉት መጠለያዎች ኖረዋል። ልጆቻቸው ክፍላችን ገብተዋል። አማርኛቸው ትንሽ ለየት ይላል፤ አንዳንዱ ኦሮምኛ ይቀላቅላል። የከተማው ልጆችም ልጆች ናቸውና ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። ጠዋት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ስር ቦታ ሲያዝ ማን እንደሚገፋ ማየት ይበቃል።

አንድ ትምህርት ቤት እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ምን እንዳደረገ ሰምቻለሁ። ከተፈናቃይ ቤተሰብ የመጡትን ልጆች የራሳቸውን መፈናቀል እንዲተውኑ አደረገ። በድምፅ ማጉያ የተኩስ ድምፅ፣ የሚጮኹ እናቶች። እንግዶቹ አለቀሱ። አንዱ ልጅ ከመድረክ ወርዶ ሮጠ። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ልጅ ቁስሉን ለሰው ማሳያ አይደለም። የሌላው ልጅ ሆድ እንዲራራ ብሎ የዚህን ልጅ ሆድ መቅደድ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? የኔ ደንብ ግልጽ ነው። ማንም ልጅ የራሱን ሕይወት አይተውንም። ከፈለገ በራሱ ጊዜ፣ በአህያዋ በኩል ይናገራል። እኛ አንጠይቀውም።

ስለዚህ ጭላዳ ሆንን። መንዝ ጓሳ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ጭላዳ ምን እንደሆነ ልጆቹ ያውቃሉ። ሣር ይበላል፣ ማታ ገደል ላይ ይተኛል፣ አንዱ የሌላውን ፀጉር እየፈተሸ ያጸዳል። ታሪኩ ይህ ነው። የአንድ መንጋ ገደል ተንዷል። መንጋው ደክሞት የናንተ ገደል ጋ ደረሰ። ሣሩ ደግሞ ብዙ አይደለም። እናንተ የገደሉ ሽማግሌዎች ናችሁ፤ ፍረዱ። መጤዎቹን የሚጫወት ልጅ የለም። መጤዎቹ የካልሲ አሻንጉሊቶቼ ናቸው። የሽማግሌዎቹ ሊቀመንበር ያደረግኳት ልጅ ደግሞ በዚያው ዓመት ከወለጋ የመጣች ናት።

አንዱ ወዲያው «ሣሩ አይበቃንም!» አለ። እውነቱን ነው፤ ቤቱ የሚሰማውን ነው የተናገረው፣ አልገሠጽኩትም። ሌላው «ስማቸው ማነው? ከየት ነው የመጡት? ይናገሩ!» አለ። ሁሉም ወደ ሊቀመንበሯ ዞሩ። እሷ አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«መጀመሪያ ይተኙ» አለች። «ስም ነገ ነው የሚጠየቀው።»

አስተኟቸው። ስለ ሣሩ ሙግቱ ቀጠለ፤ ጠዋት እነሱ፣ ከሰዓት እነዚያ ተባለ፤ እሱም አላስማማም። ከዚያ ሁለት ልጆች የተኙትን አሻንጉሊቶች ፀጉር መፈተሽ ጀመሩ። ካልሲ ምን ፀጉር አለው? ግን ጭላዳ እንግዳን የሚቀበለው እንደዚህ ነው ብለው ወሰኑ። በማግስቱ ግድግዳው ስር ምን ሆነ ብትሉኝ፣ ያው ግፊያ ነበር። «አሁን ተራው የነዚያ መንጋ ነው» የሚል ድምፅ ግን ተጨምሮበታል።

ነገሩን እንዳላጋንን ጥናቶቹንም ልንገራችሁ። ታሊያ ጎልድስታይንና ኤለን ዊነር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት አንድ ዓመት ትወና የተማሩ ልጆችና ወጣቶች ሌላ ዓይነት ጥበብ ከተማሩት በተሻለ የሌላውን ስሜት በመጋራት አድገው ተገኝተዋል። ደስ ይላል። ያቺው ጎልድስታይን በኋላ ከማቲው ለርነር ጋር 97 የአራት ዓመት ልጆችን ይዛ ሌላ ጥናት ሠራች። ድራማ የተጫወቱት ልጆች ብልጫ ያሳዩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሳቸውን ስሜት በመቆጣጠር። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኔ ግን ብዙ ነው እላለሁ። የሚያለቅስ ጓደኛ አጠገብ ቆሞ ራሱ የሚያለቅስ ልጅ ምንም ሊረዳ አይችልም። መጀመሪያ የራሱን መንቀጥቀጥ መያዝ አለበት። አያ ጅቦን ሲያይ ፈርቶ፣ ግን ፍርሃቱን ይዞ «እናት አለህ?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሌላ መምህር ይህን ልሞክር ቢል ምን ያስፈልገዋል? ወንበር፣ ጋቢ ወይም ባና፣ ካልሲ። በጀት አትጠይቁ፤ አይመጣም። ክፍሉ በልጅ የተጨናነቀ ነው፤ የኔም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ግማሹ ሲጫወት ግማሹ ዳኛ፣ ወይ ንፋስ፣ ወይ የወፍጮ ቤት ድምፅ ይሁን፤ ሥራ የሌለው ልጅ ያንኑ ሰዓት መቆንጠጥ ይጀምራል። አጭር ይሁን። ልብሱን አውልቃችሁ «አሁን ማነኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ቲቸር!» ብለው ካልጮኹ አልወጡም ማለት ነው። ከሚናው ያልወጣ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጅብ ሆኖ ይውላል፤ እናቱ ለናንተ ትደውላለች።

የሚማታውን ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ተመቺ አታድርጉት። ቅጣት እንደሆነ ያሸታል። ልጆች ይህን ለማሽተት አፍንጫቸው የተለየ ነው። አንድ ቀን ሐኪም ይሁን፣ አንድ ቀን እረኛ፣ አንድ ቀን የታመመች አያት። እና እባካችሁ፣ መጨረሻ ላይ «ከዚህ ምን ተማርን?» አትበሉ። «አህያዋ አሁን የት ናት?» በሉ። ከመልሱ የተማሩትን ትሰማላችሁ።

ለሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ያሰብኩት ሙግት ነው። የድሮውን የበላ ልበልሃ ሙግት፣ ዘንጉን ይዞ ቆሞ መከራከሩን። አንድ ቀን የጅቡን ጉዳይ የተሟገተ ልጅ በማግስቱ ለአህያዋ ይሟገታል። እኔ ሥርዓቱን በደንብ ስለማላውቀው ከመንዝ የመጡ የአንድ ተማሪ አያት አማከርኩ። በልጅነታቸው የአባታቸውን የርስት ሙግት ቆመው አይተዋል፤ አነጋገሩን ሲያሳዩኝ ግቢው በሙሉ ቆሞ ሰማ። እሺ፣ እመጣለሁ ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፤ ዳኛው እሳቸው እንዲሆኑ። እኔ ደግሞ «አይ አባባ፣ እርስዎ አህያዋን ቢሆኑልኝ ነው የምወደው» አልኳቸው። ገና አልተስማማንም።